ጣሪያ የሌለው ጤና ኬላ

ሰው እምቢ ሲላችሁ መላ አለው። ሽማግሌ ትልኩበታላችሁ፣ በወንጌላዊ ታስለምኑታላችሁ፣ ያም ባይሆን በሚስቱ በኩል ትገባላችሁ። ሶፍትዌር እምቢ ሲላችሁ ግን ማንን ትልካላችሁ? ሚስት የለው፣ ጎረቤት የለው፣ ይሉኝታ የለው። ቀይ ጽሑፍ ያወጣና ዝም!

ይህን ያወቅሁት ከባለቤቴ ከማርቆስ ነው። የጤና መረጃ ሠራተኛ ነበር፤ የየጤና ኬላውን የወር ሪፖርት ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል። ጌታ ከሰበሰበው ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ወንበሩ ይቆረቁረኛል፣ ቤቱ ይጠብበኛል። እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ ተመልሼ እጽፋለሁ። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

ከገሱባ ከተማ ወዲያ አንድ ቁልቁለት አለ፤ ክረምት ሲገባ አምቡላንስ አይወርደውም። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሽቅብ ትወጣለች፣ አምቡላንሱም አፋፉ ላይ ካለው ሾላ ሥር ይጠብቃታል። ሕፃን ግን አምቡላንስ አይጠብቅም። ስንቷ እዚያው ሾላው ሥር ወለደች! አስቴር የምትባለውማ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ማርቆስ ለሥራ ሄዶ ያን ዕለት እዚያው ነበር፤ ጃኬቱን አንጥፎላት በሸሚዝ መጣ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የወሰደው መሰላችሁ?

ወሩ አልቆ ሪፖርት ሊሞላ ሲቀመጥ፣ ሶፍትዌሩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ጤና ተቋም ወልዳለች፣ ወይ ቤት ወልዳለች። ቤት ቢል፣ ቀበሌው «እቤት መውለድ ቀረ» ብሎ ሊመረቅ ለድግሱ በሬ ገዝቷል። ጤና ተቋም ቢል ውሸት ነው። ባዶ ቢተወው ሪፖርቱ አይሄድም። ባልደረቦቹ ለዚህ ዘዴ ነበራቸው፤ አለቃ የሚወደውን መምረጥ። የእኔው ሰውዬ ግን ሾላ ሥር የወለደች ሾላ ሥር ትቆጠር አለ። ከላይ ያለ ሰው ቢያይ አንድ አዋላጅ፣ አንድ አልጋ ወደዚያ ይልክ ይሆናል፤ ተስፋው ይኸው ነበር።

እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሾላውን ጤና ኬላ ብሎ መዘገበው!

«ሾላ ሥር ጤና ኬላ»። ሶፍትዌሩ የኃላፊ ስምና ስልክ ሲጠይቀው የራሱን ሰጠ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ግን ጤና ኬላ መሆንም ጣጣ አለው፤ በየወሩ መጸዳጃ አለው ወይ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ ይላል። ማርቆስም እውነቱን «የለም፣ የለም» እያለ ይሞላል። ሾላው ከጤና ኬላዎች ሁሉ ጭራ ሆኖ ሲወጣ ነገሩ ግምገማ ላይ ቀረበ።

«አቶ ማርቆስ፣ ዛፍ ጤና ተቋም የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«እናቶች ከሥሩ መውለድ ከጀመሩ ወዲህ።»

«አዋላጇስ ማን ናት? ጦጣዋ?»

«ጦጣዋማ ሥልጠና አልደረሳትም።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። ማርቆስ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሾላውንም እንዲሰርዝ ታዘዘ። እኔ እንጀራችን ተቆረጠ ብዬ ስንቆራጠጥ እሱ ሊሰርዝ ተቀመጠ። ሶፍትዌሩ እምቢ አለ፤ አንዴ ሪፖርት የላከ ተቋም አይሰረዝም! አለቆቹንም እምቢ አላቸው። እነሱም እንደ እኛው ሽማግሌ አጡ።

ብዙ ሳይቆይ ማርቆስ ታመመ። ጉበት ነው አሉ። ክረምቱን አልጨረሰውም።

ለቅሶው ሳይበርድ የማርቆስ ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁት። «የሾላ ሥር ጤና ኬላ ነው? በሪፖርታቸው ዕቃ ለጎደላቸው ጤና ኬላዎች ማዋለጃ አልጋ መጥቷል። ነገ ጠዋት ተረካቢ ከሌለ ይመለሳል።»

ጤና ኬላ የለም ብል እውነት ነው፤ አልጋው ግን ይመለሳል። አለ ብል ደግሞ ሐዘን ላይ ተቀምጬ መዋሸቴ ነው። «ሰው ይኖራል» አልኩ።

በማግስቱ በጥቁር ልብሴ ከሶዶ ሚኒባስ፣ ከገሱባ ሞተር ይዤ ደረስኩ። ሾፌሩ አልጋውን ሾላው ሥር አውርዶ ዙሪያውን ያያል።

«እናቴ፣ ቤቱ የታለ?»

«ይመጣል» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ሰው ተሰበሰበ፣ ሰማዩም ጠቆረ። የአስቴር አማት አቶ አንጁሎ አልጋውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩትና ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ።

«ምን ቆማችሁ? ዝናብ ሊመታው ነው! አልጋ ቀድሞ መጣ፣ ቤት ይከተል እንጂ!»

ቀርከሃው መጣ፣ ሣሩ መጣ፤ ሴቶቹ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው አቀረቡ። በመጀመሪያ ጣሪያ ብቻ ነበር፣ ግድግዳው በሌላ ደቦ ተከተለ። ሶፍትዌሩ ላይ ለቆየ ጤና ኬላ ሰው መመደብ ግድ ነውና፣ እያደር አንዲት ልጅ እግር አዋላጅ ተላከች።

በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም ብያችኋለሁ። ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ዛሬም ኃላፊው ማርቆስ ነው ይላታል። ልትቀይረው ብትሞክር፣ ኃላፊው ራሱ ገብቶ ካልለቀቀ አይሆንም አላት።

«እትዬ፣ ለዞን አመልክቼ ላስነሣው?» አለችኝ እየፈራች።

«ተይው የእኔ ልጅ» አልኳት። «ምን አስቸኮለሽ?»