ያለ ማዘዣ የተከፈተው ጉድጓድ

«አባባ፣ እጅዎን ያንሱ» አለኝ የፖሊሶቹ አለቃ። አነሳሁ። ዶማ ይዤ ስለነበር ዶማውም አብሮኝ ተነሳ። «ዶማውን ያስቀምጡ» አለኝ ደግሞ። እጄን ሳላወርድ እንዴት ነው የማስቀምጠው? ግራ ገብቶኝ እንደቆምኩ ቀረሁ።

የሰበታን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ግቢው ሁሉ ጭቃ። አለቃቸው ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ከኋላው መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች። ሽብር የሚከላከሉ ናቸው አሉ። ጓሮዬ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ ተብለው ነው የመጡት።

ባለቤቴ ፈለቀች ከማድ ቤት ወጣች። እኔ ቀኑን ሙሉ የምናገረውን እሷ ሳትተነፍስ ትጨርሰዋለች። የፍርድ ቤት ማዘዣ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። የሽብር ጉዳይ ስለሆነ ማዘዣ አይጠበቅም አላት። እኔ መቼም ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማዘዣ ቢሰጡኝ ገልብጬ ነው የምይዘው። ስለዚህ ይፈትሹ አልኩ። ፈለቀች ዞራ አየችኝ።

«አንተ ባታነበው እነሱ ያንብቡታ። የሰው ግቢ ለምን እንደገቡ ለራሳቸው ይወቁት እንጂ» አለች።

ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ጭንቀቷ ግን ሌላ ነበር። ፈለቀች የጉራጌ ልጅ ናት። ጓሮው ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት የተቀመጠው የመስቀል ቆጮ ነው። ወንድሞቿ ሁሉ መስቀልን የሚውሉት እኛ ዘንድ ነው። ጉድጓዱ ያለ ጊዜው ተከፍቶ አየር ከገባበት ቆጮው ይበላሻል። የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ቆጮ ነው ብትላቸው አላመኗትም። አለቃው ወደ እኔ ዞረና ባለፈው ሰሞን በስልክ ምን ብለው ነበር አለኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ አልረሳውም። «እንደተቀበረ ነው፣ ለመስቀል ይወጣል ብለው ዘጉት» አለኝ።

እውነቱን ነው። የፈለቀች ወንድም ስለ ቆጮው ጠይቆኝ ነበር። አያችሁ፣ ሰው ሁሉ ዝምተኛ ነው እያለ ሲያመሰግነኝ ኖረ። ትንሽ ብቀባጥር፣ ስለ ክትፎው፣ ስለ ቅቤው ባወራ ኖሮ፣ የሚሰማኝ መንግሥት ምራቁን ውጦ ይተወኝ ነበር።

በገዛ ዶማዬ ተቆፈረ። ድንጋዩ ተነሳ፣ ቅጠሉ ተገለጠ፣ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሽታውም ተከተለ። የቆጮ ጉድጓድ አሽትቶ የማያውቅ ሰው ኬሚካል ቢመስለው አይፈረድበትም። አለቃው «ተኙ» ከማለቱ ሁሉም ጭቃው ላይ ተዘረጉ። እኔም እጄን እንዳነሳሁ ተኛሁ። ይሄኔ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ በአጥር አሻግሮ አየን።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ደበላ፣ ጭቃው ሞቀ?»

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

የቆመችው ፈለቀች ብቻ ናት። ጎንበስ ብላ አንድ ጭብጥ አነሳች። አለቃው ከጭቃው ላይ ሆኖ «እማማ፣ አይንኩት» ይላል። ጨመቅ አደረገችው፣ አሸተተችው። የፈነዳ ነገር የለም።

«ገና ነው፣ አልደረሰም። ቶሎ ከተዘጋ ግን ይተርፋል። ተነሱና እንደነበረ አድርጉልኝ» አለች።

ማን እምቢ ይላታል? እጃቸውን አስታጠበቻቸው። አዲስ ቅጠል ቆርጠው ደረደሩ። አየር እንዳይቀር በእግር መረገጥ አለበትና ጫማ አስወለቀቻቸው። መሣሪያው አጥሩን ተደግፏል። ፖሊሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ተቃቅፈው ይረግጣሉ። አለቃው መሀል። ኦቦ ገመቹ ያጨበጭባል። ሠርግ መሰላችሁ? እኔም መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩን መልሰው ሲጭኑ ፈለቀች ፊቷ ፈታ አለ። ለመስቀል ኑ አለቻቸው፤ እንግዳ ሆኖ ለመጣ ማዘዣ አንጠይቅም። አለቃው እንደማፈር ብሎ ሳቀ። በሩ ድረስ ሸኘሁት። ቆጮው ሲደርስ እንድደውልልህ ቁጥርህን ስጠኝ አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አባባ፣ ቁጥሬ ምን ያደርግልዎታል? ለፈለጉት ሰው ደውለው ደረሰ ይበሉ። እኔ እሰማዎታለሁ።»