ግራዝማች ወልደአረጋይና የሚዞረው ብርሃን

በየሰፈሩ አንድ ጠርጣሪ አይጠፋም። "እንዴት አደርክ?" ስትሉት "ምነው፣ ምን ሰምታችሁ ነው?" ይላችኋል። ለእኔ የደረሱኝ ግን የጠርጣሪዎች ሁሉ አለቃ፣ አንኮበር አጠገብ ያለችው የጎረቤላ ሰው፣ ግራዝማች ወልደአረጋይ ነበሩ።

እሳቸው ሐኪም ሲወጋቸው መርፌውን፣ ቄስ ሲናዝዟቸው ቄሱን ይጠረጥራሉ። ባለቤታቸው እመት ወለተ ጊዮርጊስ ወጡን ትንሽ ካጣፈጡት "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ይህ ነገር ውስጠ ወይራ ነው!" ይሏቸዋል።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር የመሬትን መዞር የሚለካ መሣሪያ ይዞ መጣና ረዳቱ አደረገኝ። ሁለት የሌዘር ጨረሮች በአራት መስታወቶች ዙሪያ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይዞራሉ። መሬት ስለምትዞር ሁለቱ እኩል አይሆኑም፤ ልዩነታቸውን አንድ ብዕር ወረቀት ላይ ያሰምረዋል። ታዲያ ወለሉ ትንሽ ከተነቀነቀ ብዕሩ ያብዳል። አለት ላይ የተሠራ ቤት ሲፈለግ የተገኘው የግራዝማች የድንጋይ ዕቃ ቤት ሆነ። ዕድሌን እዩልኝ!

"ወርቅ ነው የምትፈልጉት" አሉኝ ቁልፉን ሲሰጡኝ። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ ስለነበረች፣ በእሳቸው ግምት መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ የተቀበረ ወርቅ ፈላጊ ነው።

"ኧረ ግራዝማች፣ ብርሃን ነው የምናዞረው።"

"ብርሃን ለማዞር ቤት መከራየት! ውስጠ ወይራ ነው!"

ከዚያ ወዲያ እየመጡ ወለሉን በከዘራ መቆርቆር ሥራቸው ሆነ፤ የብዕሩም ሥራ ማበድ። ፕሮፌሰሩ ተማረረ። "እስከ ቅዳሜ አንድ የተረጋጋ መስመር ካላገኘን፣ መሣሪያውን ነቅዬ ሌላ አገር እወስደዋለሁ" አለኝ። እንደዚያ የወደድኩት ሥራ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ሆኖ ዐረፈው። የገበያው መንገድ የሚያልፈው በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ነው። አህያው፣ በቅሎው፣ ሰዉ ሲተም ከሩቅ ሳይ "በቃ፣ አለቀልኝ" አልኩ።

ግራዝማች ግን ገበያተኛውን በሙሉ ጠረጠሩት። "ወርቁን ሰምተው ነው!" ብለው መንገዱ መሃል ተገተሩና "በሕግ አምላክ!" ሲሉ ጮኹ። በሕግ አምላክ ተብሎ እግሩን የሚያነሣ የት ይገኛል? ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቆመ።

"ጌታዬ፣ ምን አጠፋን?" አለች ቅቤ ሻጯ ይመኙሻል።

"እሱንማ አንቺ ታውቂዋለሽ! በታች በኩል ሂዱ!"

ገበያው እንዳለ በታችኛው መንገድ ዞረ። ውስጥ ደግሞ ብዕሩ ጸጥ ብሎ ያሰምር ጀመር፤ የሚያምር፣ የተረጋጋ መስመር! ፕሮፌሰሩ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። "መሣሪያው እዚሁ ይቆያል" አለ።

ሮጬ ወጥቼ ግራዝማችን ጥምጥም ብዬ ሳምኳቸው። እሳቸው ኪሳቸውን ዳሰሱ። ይዳስሱ እንጂ፤ እኔ እንደሆነ እኒህን ሽማግሌ የዚያን ዕለት ከልቤ ወድጃቸዋለሁ።

"ግራዝማች፣ ተሳካልን እኮ! የመሬትን መዞር ለካን!"

ጎንበስ ብለው የቆሙባትን መሬት በጎሪጥ አዩዋት።

"እሷንማ" አሉ፣ "ድሮም ጠርጥሬያት ነበር።"