የቸርነት ሙቅ ውኃ

በዓይን የማይታይ ነገር መፍራት አድካሚ ነው። ስለዚህ ሰው ለፍርሃቱ ፊት ይፈልግለታል፤ ከተቻለ የሩቅ አገር ሰው ፊት። እኔ ከዚህ ነፃ ነኝ አልልም። እናንተም አትበሉ፤ ያን ሰሞን ተያይተናል።

ያን ሰሞን የምላችሁ ኮሮና አገራችን ገባ የተባለበትን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ነው። ካዛንቺስ፣ ከእኛ ቤት አጠገብ፣ ወይዘሮ አስካለ ግቢ ውስጥ አንድ ቻይናዊ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ስሙ ቼን ነው፤ ሰፈሩ ግን ቸርነት ብሎታል። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ከባምቢስ እስከ ኦሎምፒያ ባሉት ፎቆች፣ በሁለት ወለል መሀል ተሰንቅሮ ሲጮህ የነበረ ስንት ሰው በእሱ እጅ ወጥቶ መርቆታል መሰላችሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አማርኛው ቀልድ እስከ መመለስ ደርሷል። ያን ሰሞን ግን ሊፍቱን ጠግኖ ሲያበቃ አብሮት የሚገባ ጠፋ። ስምንተኛ ፎቅ የሚሠራው ሁሉ ድንገት ለጤናው አስቦ በደረጃ መውጣት ጀመረ።

አንድ ሐሙስ ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ጋቢና የተቀመጡት የአጥቢያችን ካህን ቀሲስ ፍሥሐ ነበሩ። ልንነሳ ስንል ቸርነት የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባና ከፊቴ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች።

"ኮሮና ገባ" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

ረዳቱ "ወንድም፣ በቃ ውረድ፤ ሰዉ አልተመቸውም" አለው።

"አገሬ ከሄድኩ ሁለት ዓመቴ ነው" አለ ቸርነት። "እዚሁ ነው ያለሁት።"

ይሄኔ ለእኔ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። እንደምታውቁት አባቶቻችን ኮሪያ ዘምተዋል፤ ኮሪያዊ ስናይ ዘመድ ያየን ያህል ደስ ይለናል። ጎንበስ ብዬ "ኮሪያ ነኝ በላቸው" አልኩት በሹክሹክታ።

ዞሮ አየኝ። "ቻይና ነኝ" አለና ቦርሳውን ይዞ ወረደ።

ቀሲስ ፍሥሐም ከጋቢና ዞረው አይተው ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ዝምታ ወርቅ ነው ከተባለ፣ ያን ቀን ታክሲው ሙሉ ባለጸጋ ጭኖ ነበር።

ወሬው ቀድሞን ሰፈር ደረሰ። ወይዘሮ አስካለ ያኑ ዕለት ቸርነትን "ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ልቀቅልኝ" አሉት። ዘመድ የተባለውን እስከ ዛሬ ያየው የለም። ያን ሰሞን ደግሞ ለቸርነት የሚያከራይ ቤት ከተማውን ሙሉ ቢያስስ አይገኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀሲስ ለትምህርት ቆሙ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተምራሉ ብዬ ስጠብቅ ስለ ታክሲ ጀመሩ።

"ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ከታክሲ ሲያስወርዱት ዞሬ አየሁ። መስቀሌ በእጄ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ቃሉ አፌ ውስጥ ይቀራል። ኮሪያዊ ቢሆን ኖሮ አይወርድም ነበር የሚል አለ። ወንጌሉ እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ ይላል እንጂ ፓስፖርቴን አይታችሁ አይልም።"

እኔ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ታስሮ ነበር።

በማግስቱ ቀሲስ "ና፣ አብረን እንሂድ" አሉኝ፤ ቢሮ ግማሾቻችን ቤት እንድንቆይ ስለተባለ ማምለጫም አልነበረኝ። ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ፓስተር ታምራትን አገኘነው፤ የሰፈራችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነው። ከቀሲስ ጋር አንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ ከቀብር በስተቀር ግን አብረው የቆሙበት ቦታ ትዝ አይለኝም።

"ቀሲስ፣ የትናንቱን ትምህርትዎን ነገሩኝ" አለ ፓስተሩ። "እኔ ስለ ፈውስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናገር እሱን አንዴም አላነሳሁትም።"

"እንግባ እንግዲህ" አሉት።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ቸርነት ልብሱን በካርቶን እያሸገ ሳለ ደረስን። ቀሲስ ሳይቀመጡ "ልጄ፣ ሐሙስ ታክሲው ውስጥ ነበርኩ። ይቅር በለኝ" አሉት። ቸርነት በአገሩ ልማድ ሦስት ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ቀዳልን። ፓስተሩ ጠጣ። ጾሜ ከሥጋና ከወተት ስለማያልፍ እኔም ጠጣሁ። ቀሲስ ግን ብርጭቆውን አልነኩም። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም።

ቸርነት ይህን አያውቅም። ብርጭቆውን አየ፣ ቀሲስን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ "በደንብ አፍልቼዋለሁ" አለ።

ማስረዳት ይቻል ነበር። እኔም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ቀሲስ ግን አማተቡ፣ ብርጭቆውን አነሱና ጨልጠው ጠጡት። "አንድ ድገመኝ" አሉ።

ቸርነት እስከ አፉ ሞልቶ ቀዳላቸው። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ኮሮናን ረሳ። ቄሱ ቻይናው ቤት ጾም ገደፉ የሚለው ወሬ ከየትኛውም በሽታ ፈጥኖ ተዛመተ። ከቅዳሴ ይታገዱ የሚል ክስ ቀረበና ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አይመሰክርም ብዬ ዘዴ አገኘሁ። ፓስተሩን የሚጠራ የለም። የቀሩት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

"የጠጣው ፓስተሩ ነው" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። "የቀሲስንም ድርሻ እሱው ጠጣላቸው።"

"ተከራይዎስ?" አለ አንዱ።

"ዘመዴ ቀርቷል። ቸርነት የትም አይሄድም።"

ቀጥሎ ቀሲስ ተጠርተው ገቡና "ጠጥቻለሁ፤ ሁለት ብርጭቆ" አሉ። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ቀሲስ፣ ምስክሯ አልጠጡም ብላለች። ጉባኤው የሚያምነው ምስክር ነው" አሉና ክሱን ዘጉት። እኔም እንዳለ ጻፍኩት።

የወይዘሮ አስካለ የንስሐ አባት ቀሲስ ፍሥሐ ናቸው። በሁዳዴ ስለዋሹት ምን ቀኖና እንደሰጧቸው አላውቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው። ቀሲስም ወደ ራሳቸው የንስሐ አባት ሄደው ተናዝዘዋል ይባላል። የእኔም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ እንገናኛለን፣ ስለ አየሩም ስለ ኑሮውም እናወራለን። ያችን ታክሲ ውስጥ በሹክሹክታ የተናገርኳትን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።