የሰንበቶ ውሃ ኮሚቴ ለሁለት መንግሥታት ዕውቅና ለመስጠት ያደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ መጋቢት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00
ቦታ፦ ሰንበቶ መንደር (ከአምቦ ወደ ወንጪ መንገድ)፣ የትምህርት ቤቱ አንደኛ ክፍል
የተገኙ፦ ኦቦ ዱጋሳ (ሰብሳቢ)፣ ኦቦ ፈዬራ (አባል)፣ አዴ ድንቅቱ (የውሃ ቀጂ ሴቶች ተወካይ)፣ መምህር ሞቲ (ጸሐፊ)
ያልተገኙ፦ ኦቦ ቦጂያ፣ አህያቸውን ይዘው ወንዝ ስለወረዱ

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ግልባጩ ለሁለት ኤምባሲዎች ስለሚላክ በአማርኛ ተይዟል።

አጀንዳ 1፦ የትኛው መንግሥት እንዳለ መወሰን

ሰብሳቢው እንዳስረዱት የመንደሩ ፓምፕ ከተበላሸ አምስት ወር ሆኖታል። አሁን አንድ ሰፊ ሀገር ፓምፕ፣ አንዲት ደሴት ደግሞ ቧንቧ ልከው መኪኖቻቸው በር ላይ ቆመዋል። ሁለቱም «እውነተኛው መንግሥት እኔ ነኝ» ስለሚሉ፣ ዕቃው ከመራገፉ በፊት ሌላኛው እንደሌለ የሚመሰክር ደብዳቤ ጠይቀዋል።

አዴ ድንቅቱ «የሌለ መንግሥት ቧንቧ እንዴት ይጭናል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

ኦቦ ፈዬራ ደሴቲቱ እንዳለች ከእርሷ በተሰጣቸው አዲስ ኮፍያ አስረዱ። ሰብሳቢው ያለው ሰፊው ሀገር ነው አሉ፤ ከዚያው ሀገር የደረሳቸው የጉብኝት ግብዣም ከአቋማቸው ጋር እንደማይገናኝ ሦስት ጊዜ ገለጹ። በዚህ መሐል ኮፍያው መሬት ወደቀ። እንዴት እንደወደቀ እንዳይመዘገብ ታዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሰፊው ሀገር፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሴቲቱ እንዲኖሩ፣ እሑድ ማንም እንዳይኖር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ሰብሳቢው ውሳኔው ከሰኞ ጀምሮ ይጽና አሉ።

አዴ ድንቅቱ «ጥማቱስ በፈረቃ ነው እንዴ?» ብለው ሳያስፈቅዱ ወጡ።

አጀንዳ 2፦ ከውጭ ስለተሰማው ጩኸት

ጸሐፊው እንዲያጣራ ተልኮ ያየው የሚከተለው ነው። አዴ ድንቅቱና ሴቶቹ የሁለቱን መኪኖች ቴክኒሻኖች ከጋቢና አውርደዋቸዋል። ቴክኒሻኖቹ አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆነው በመገኘታቸው የትውልድ መንደር ተጠያይቀው፣ እየተሳሳቁ የአንዱን ፓምፕ ከሌላው ቧንቧ ጋር ገጥመዋል። በ6፡20 ውሃ ወጥቷል። ጸሐፊው ፊቱን ታጥቦ ተመልሷል።

ሰብሳቢው ደብዳቤው እስኪፈረም ውሃው ይቁም ብለው በመስኮት ጮኹ። ከእልልታው የተነሣ አልተሰሙም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮሚቴው ለማንም መንግሥት ዕውቅና አይሰጥም፣ አይነፍግም። ውሃውም ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ስለወጣ እንዳልወጣ እንዲቆጠር በሁለት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊው እርጥብ እጁን ለማውጣት ስላፈረ ድምፅ አልሰጠም።

ስብሰባው በ7፡10 አበቃ። ሰብሳቢው በ7፡12 ጀሪካን ይዘው ቧንቧው ጋ ደረሱ። አዴ ድንቅቱ «ኦቦ ዱጋሳ፣ ሰልፉ በዚያ በኩል ነው» አሏቸው። ተቃውሞ ሳያቀርቡ ከኋላ ቆመዋል።