ኬብሮን ከገና ጨዋታ ያባረረኝ ዕለት

ወገን፣ ቁጭ በሉ። የቆማችሁም የሆነ ነገር ተደገፉ። የዛሬውን ውርደቴን ለብቻዬ ይዤው ባድር ጨጓራዬ አይችለውም!

በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ልጄ፣ ከማዘጋጃ ቤት በመጣ ሰው ፊት ከጨዋታ ተባርሬያለሁ።

በቀይ ካርድ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

እዚህ ፔጅ ላይ አዲስ ለሆናችሁ፦ የምንኖረው ኦስሎ ነው። ባለቤቴ አልናብሩ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔ ማታ ማታ ማዮርስቱን ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ርዕሰ መምህርት ነኝ። አትሳቁ! ትምህርት ቤቱ የእኛው ሳሎን ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሶልያና እና ስድስት ዓመቱ ኬብሮን።

"ለምን ቤት ታስተምሪያለሽ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ምክንያቱ ኬብሮን ነው።

ይሄ ልጅ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው። ከበር ከወጣ ግን ድምፁ ይጠፋል። ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ውሎ ነበር የሚመለሰው። አስተማሪዎቹን አልወቅስም፣ ደግ ሰዎች ነበሩ። ግን "ሽንት ቤት ልሂድ" ማለት አቅቶት ሱሪውን አርሶ እያለቀሰ ሲመጣ አንጀቴ አልቻለም። ለጊዜው ቤት ይማር አልን። እህቱም "እኔስ?" አለች። እሷንም ጨመርናት።

ለኮሙኑ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ አሳወቅን። ኮሙኑም አልፎ አልፎ እየመጣች ትምህርታቸውን የምታይ መምህርት መደበልን። ሲሪ ትባላለች።

ሲሪ ክፉ አይደለችም። ችግሩ ባለፈው መከር ስትመጣ ኬብሮን መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልሎ አልወጣም ማለቱ ነው። ስትሄድ በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

"በገና ሰሞን ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ ድምፁን መስማት አለብኝ። ካልሰማሁት ወደ ትምህርት ቤት ስለመመለሱ መነጋገር ይኖርብናል።"

ለስለስ አድርጋ ነው ያለችው። ኖርዌጂያን ከባድ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበላው አይጥመኝም።

እንግዲህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ?

ቤቴን ኖርዌጂያን ቤት ላስመስለው!

ልክ ነዋ! እንግዳዋ ገብታ የገና ኮከቡን፣ ዛፉን፣ ምኑን ምኑን ስታይ "እነዚህ ሰዎች ከአገሩ ጋር ተዋህደዋል" ትላለች። ኬብሮን አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል። አለቀ!

የኛን ቤት ልማድ ብታውቁ እንዴት እንደሚያስቅ ይገባችሁ ነበር።

እኛ ቤት አሁን ጾም ነው። ፈረንጁ ገናውን ሲበላ እኛ ሽሮ ላይ ነን። ልጆቹ ፔፐርካከ የሚሉትን የዝንጅብል ብስኩት እንጋግራለን፤ ቅቤም እንቁላልም ስለማይገባበት ግን ጥርስ ይፈትናል። ዛፍ አንገዛም። ፈረንጆቹ ገናቸውን ጨርሰው ዛፋቸውን ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ሲጥሉ የኛ ገና ገና መድረሱ ነው። ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ወርዶ አማርጦ አንዱን ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህንን ነው! አንዳንዱ ዛፍ ጌጡ እንኳ አልረገፈም።

ዘንድሮ ደግሞ የገና ጨዋታ አስተማርኳቸው። ባለቤቴ ከጫካ ጫፉ የተቆለመመ እንጨት አምጥቶ ላጠላቸው። ኳሷን፣ ሩሯን ማለት ነው፣ ጎረቤት መስኮት እንዳትሰብር ካልሲ በካልሲ ላይ ጠቅልሎ ሰፋት። በረዶ ላይ ሲያሳድዷት ይውላሉ።

ታሪኩንም ነገርኳቸው። በድሮ ጊዜ ጌታና ሎሌ አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ሎሌው ጌታውን ቢመታው እንኳ ቁጣ የለም። "በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ!" በአማርኛ አስጠናኋቸው። በኖርዌጂያንም ተረጎምኩላቸው። ጎበዝ መምህርት አይደለሁ?

ኬብሮን ደግሞ ሕግ ይወዳል። መኪና በሌለበት መንገድ አረንጓዴ መብራት ካልበራ አይሻገርም። ይህቺን ደንብ ከሁሉ አስበልጦ ያዛት።

እኔ ግን ለሲሪ ይህንን ላሳያት? ከቆሻሻ የመጣ ዛፍና ዱላ?

ኧረ በስመ አብ!

ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ታች ያሉትን ጎረቤታችንን አሮጊቷን ቢዮርግን ዕቃ ለመንኳቸው። የወረቀት ኮከብ ሰጡኝ። ትንሽ የላስቲክ ዛፍ ሰጡኝ። ኒሴያቸውንም ጨመሩልኝ። ኒሴ ማለት ቀይ ቆብ ያደረገ ጢማም ሽማግሌ አሻንጉሊት ነው። በገና ሰሞን ገንፎ ይቀመጥለታል። ካልተቀመጠለት ይቀየማል አሉኝ።

"የእናቴ ነበር፣ አደራ" አሉኝ ሲሰጡኝ።

አደራዎ በሰላም ይመለሳል አልኳቸው እኔም። አፌን ሞልቼ!

ዛሬ ጠዋት ለኒሴው የሩዝ ገንፎ በወተት ሠራሁ። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤ ጣል አደረግኩበት። ጨው ይኑረው አይኑረው ማወቅ ስለነበረብኝ አንዲት ማንኪያ ቀመስኩ። ወደዚህች ማንኪያ በኋላ እመለሳለሁ።

ኬብሮንን ደግሞ በኖርዌጂያን አንድ ነገር አስጠናሁት። "ስሜ ኬብሮን ነው፤ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዩል እወዳለሁ።" ዩል የነሱ ገና ነው። ፍሪጁ ፊት ቆሞ አንዴ አለው፤ ልቅም አድርጎ! ፍሪጁ ቢናገር ይመሰክርልኛል።

በሩ ተንኳኳ።

ሲሪ ጫማዋን አውልቃ በሱፍ ካልሲ ገባች። ዙሪያውን አየችና "ኦ! እንዴት ያምራል!" አለች። ልቤ ስፍራዋን ይዛ ተቀመጠች።

ኬብሮንን በዓይኔ ጠቀስኩት። በል ጀምር!

ዝም።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አስጀመርኩት። ልጄ እግሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ መጋረጃውን ማየት ጀመረ። እጁን ይዤ ባላስቀረው ገብቶ ነበር።

ሲሪ ጎንበስ ብላ "ይሄ ኒሴ ያንተ ነው?" አለችው።

እሱ ዝም ቢልም እህቱ መቼ ትተኛለች!

"ኔይ፣ የሱ አይደለም" አለች ሶልያና። "የቢዮርግ ነው። ኮከቡም የሷ ነው። ዛፉም የሷ ነው። እማዬ ትናንት ነው ያመጣችው፣ አንቺ ስለምትመጪ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ቤት ብቅል አያስፈልግም፤ ሶልያና አለች!

"የኛን ዛፍ ከቆሻሻ ጋር ነው የምናገኘው" ብላ ቀጠለች፣ ፊቷ በኩራት እየበራ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ? ሳቅሁ። የማይሳቅበት ቦታ ላይ የሚመጣ ሳቅ ታውቁ የለ? እሱን። ከዚያ ወሬ ልቀይር ብዬ ፔፐርካከ አቀረብኩ።

ሲሪ ነከሰች።

ቀጭ!

ብስኩቱ ይሁን ጥርሷ እስካሁን አላወቅሁም። አጉርሼ የገደልኳት መስሎኝ ውሃ ላመጣ ስሮጥ "ታዲያ እናንተ በገና በእውነት የምታደርጉት ምንድን ነው?" ብላ ልጆቹን ስትጠይቅ ሰማሁ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ዱላዎቹ ሳሎን መሐል ናቸው።

"ሶልያና! ቤት ውስጥ አይቻልም!" አልኩ በአማርኛ፣ ጥርሴን ነክሼ።

"እሺ፣ አሳዩኝ እስኪ" አለች ሲሪ።

ምን ልበል? የመንግሥት ሰው "አሳዩኝ" ካለች እናት ምን ሥልጣን አላት?

ሶልያና ሩሯን ጣለች። ኬብሮን ዱላውን ሲይዝ ትከሻው ቀና አለ። አየሁት። ደስም አለኝ፤ ቢያንስ እግሩን ማየት ተወ ብዬ። ወደ ኋላ ሰነዘረ። ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ መታት።

የካልሲ ሩር በረረች።

በቀጥታ ገንፎው ውስጥ!

ሳህኑ ተገለበጠ። ግማሹ የሲሪ ሱሪ ላይ፣ ግማሹ የኒሴው ጢም ላይ። ቅቤው ቀስ ብሎ በሲሪ ጉልበት ላይ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን አየነው።

እኔም ገነፈልኩ። እንዴት ያለ ጩኸት እንደጮህኩ ብትሰሙ!

"ኬብሮን! አንተ ልጅ ልትገድለኝ ነው?! ምን ብዬህ ነበር? ምን ብዬህ ነበር?! አሁን ትምህርት ቤት ይመልሱሃል፤ ያኔ ታያለህ!"

ወገን፣ ይህንን ለልጄ አልኩት። የሚፈራውን ነገር፣ በሚፈራው ሰው ፊት።

አሁን ወደ መጋረጃው ይሮጣል ብዬ ጠበቅሁ።

አልሮጠም።

ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ኒሴው ሄደ። ቀዩን ቆብ ከራሱ ላይ መንጭቆ አወጣው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አፍንጫዬ ሥር ከፍ አደረገው።

ቀይ ካርድ!

"ማማ፣ ደ ኤር ኢከ ሎቭ ኦ ብሊ ሲንት! ደ ኤር ገና!"

እማዬ፣ መቆጣት ክልክል ነው፣ ገና ነው፣ ነው የሚለኝ። በኖርዌጂያን! በመንግሥት ፊት! የአገሩ ልጅ እንኳ እንዲህ ጥርት አድርጎ አይናገረውም።

ወደ ሲሪ ዞረ። "አንቺ ተቆጥተሻል?" አላት።

ሲሪ ገንፎውን አየች። እሱን አየች። "ኔይ" አለች።

"እሺ። አንቺ መቀጠል ትችያለሽ። እማዬ ግን ወጥታለች።"

በጣቱ ኩሽናውን አሳየኝ።

ሄድኩ። ምን አደርጋለሁ? ሄድኩ!

ኩሽና ቆሜ በበሩ ክፍተት አዳምጣለሁ። ልጄ ያወራል። ስለ ጌታውና ስለ ሎሌው ያስረዳታል። ዱላው ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ ሩሯ ውስጥ የማን ካልሲ እንዳለ ይነግራታል። ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል። ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች። ከውጭ ሰው ጋር እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚመጡ እንጃ።

ግን ኬብሮን አንዴ ከከፈተ የማቆሚያ ቁልፍ የለውም።

"እማዬ 'ዩል እወዳለሁ በል' ብላኝ ነበር። እኔ ግን የምወደው የኛን ገና ነው።"

እሺ ይሁን።

"ቅቤ በጾም አይበላም። እማዬ ግን ዛሬ በማንኪያ ስትበላ አይቻታለሁ።"

አያችሁ? ማንኪያዋ!

ሲሪ የባለቤቴን ቱታ ለብሳ፣ ሱሪዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። በር ላይ ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰማሁት" አለች። "ስለ መመለስ አሁን መነጋገር አያስፈልገንም። ከጓደኛ ጋር እንዲጫወት ግን አውጪው፤ ዱላውንም ይያዝ። መምህርቷም ደንቡን ትንሽ ብትከልስ ጥሩ ነው።"

መምህርቷ እኔ ነኝ። ያስተማርኩት እኔ፣ ፈተናውን የወደቅኩት እኔ!

ለባለቤቴ ደውዬ "ተናገረ!" አልኩት። "ምን አለ?" አለኝ። "ኩሽና ግቢ አለኝ" አልኩት። ሳቁ ከአልናብሩ እዚህ ድረስ ያለ ስልክ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ አሁን ሁለት ጭንቀት አለብኝ። አንደኛ፣ ለንስሐ አባቴ "ለአሻንጉሊት ብዬ ጾም ገደፍኩ" ብዬ ከየት ልጀምር? ሁለተኛ፣ የደረቀ የሩዝ ገንፎ ከሽማግሌ ጢም ላይ በምን ይለቃል? የአደራ ዕቃ ነው፤ የምታውቁ በኢንቦክስ!

ኬብሮን ይሄው አሁንም አጠገቤ ያወራል። የምጽፈውን እያየ "ስለኔ ነው?" ይለኛል።

"ከጨዋታ የወጣ ሰው መቼ ነው የሚመለሰው?" አልኩት ቅድም።

"መቆጣት ሲያቆም።"

"አቁሜያለሁ እኮ!"

"እየጮኽሽ ነው" አለኝ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። ጮኽኩ እንዴ?!