ለክፉ ቀን የታሰረ ጎማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲሱን አስቀምጦ በአሮጌው የሚሞት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጎረቤቴ ታደለ ከአሶሳ ባምባሲ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። የፊት ጎማው አልቆ ሽቦው ይታያል፤ አዲሱ ትርፍ ጎማ ግን ከነላስቲኩ ጣሪያው ላይ ታስሯል። «ኧረ ታዴ፣ ቀይረው!» ስንለው፣ «እሱ ለክፉ ቀን ነው» ይለናል። ምን ይደረግ፣ የሳሎኑ ሶፋም እኮ ከነላስቲኩ ነው!

ክፉው ቀን ቁልቁለት ላይ መጣ። የፊት ጎማው ፈነዳና ሚኒባሱ ተገለበጠ፤ ታደለንና ሁለት ተሳፋሪዎችን ቀበርን። ትርፉን ጎማ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ሰሞኑን ወንድሙ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ያንኑ ጎማ ጣሪያው ላይ ሲያስር አገኘሁት። የእሱም የፊት ጎማ ሽቦ አውጥቷል።

«ለምን አትገጥመውም?» አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የወንድሜ ማስታወሻ እኮ ነው! እንዴት አድርጌ አቧራ ላይ ላንከባልለው?»