ዜና ዴሊዮ ዘሮካቬንታ፣ ዐሥራ ሰባቱን የሠርግ ጣውላዎች ስለ መሰብሰባቸው

ሰማይን ያለ ምሰሶ ላጸና፣ ጡረተኛንም ያለ ሥራ ለማይተው አምላክ ምስጋና ይሁንና፣ ንጽሕፍ ዜና ዴሊዮ ማንካቤሊ፣ ስመ ፈረሳቸው አባ ሜትር፣ የመሬት መዝገብ ቤት ልኬተኛ የነበሩ፣ ከግራ ኪሳቸው ጥቅል ሜትር ከቀኝ ኪሳቸው ሦስት እርሳስ የማይታጣ፣ ካርታ ሲሸነፉ የቡና ቤቱን መብራት የሚከሱ። ዘመኑም ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ዓመት ነበር፤ ይኸውም የሮካቬንታ አደባባይ ፏፏቴ በደረቀ በአራተኛው፣ ጠጋኙም ሰኞ እመጣለሁ ብሎ ባወጀ በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም።

በዚያች ኮረብታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ግራዝያኖ ፔቨሬሊ የሚባል ሠዓሊ ኖሮ ሞቷል። ሸራ ስለሚወደድበት በጣውላ ላይ ይሥል ነበር፤ የሚወደው ሰው ሲያገባም አንዱን ጣውላ በጋዜጣ ጠቅሎ ይልክለታል። ሕዝቡ ጨዋ ነውና ተቀብሎ ያመሰግናል፣ አንድ ወር ይሰቅለዋል፣ ከዚያም ያወርደዋል። ሠዓሊው መንገድ ላይ በታየ ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች በመስኮት ይጠራራሉ፤ እሱ ደረጃውን ሳይጨርስ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ሰውየው በኢጣሊያ ምድር የእሱን ያህል የተሰቀለ ሠዓሊ እንደሌለ አምኖ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ የሚታፈር ሰው ስለሌለ ጣውላው ሁሉ ወደ ጣውላነቱ ተመለሰ።

ለዚህ ሠዓሊ አንዲት ልጅ ቀርታዋለች፤ እሳቸውም ሲኞራ አዳልጂዛ ናቸው፣ በዚህ ዜና ዘመን የሰማንያ አራት ዓመት ወይዘሮ። እናታቸው በስድስት ዓመታቸው ሞተውባቸዋል። ፎቶግራፍ የለም። ሠዓሊው ሚስቱን በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ ብቻ ሥሏት ነበር፤ ከሞተች በኋላ ግን ማየት ቢያቅተው ሥዕሉን በሣጥን ቆልፎ አኖረው፤ በስተርጅናውም ለአንዱ ሙሽራ ልኮት፣ ለማን እንደላከው ሳይናገር ሞተ። አሁን ደግሞ የሲኞራዋ ዓይን ከመካከሉ መጨለም ጀመረ፤ ሐኪሙም ዳርዳሩ ከዓመት በላይ እንደማይቆይ ነገራቸው። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው አወጁ፦ “የእናቴን መልክ አላውቀውም። ከማንም ቤት ይገኝ፣ ምንም አድርጋችሁበት ቢሆን አልቀየምም። ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ልያት።”

አባ ሜትር ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ተነካ፤ ልባቸው ሲነካ ደግሞ ሰው እንዲያይላቸው ይወዳሉ። ቡና ቤት ገብተው ወንበር ላይ ወጡና፣ “ዐሥራ ሰባቱንም እሰበስባለሁ፤ በቁጥር፣ በልክ፣ በመዝገብ” ሲሉ አወጁ፤ ሠዓሊው በማስታወሻው የጣውላዎቹን ብዛት እንጂ የተቀባዮቹን ስም አልተወም ነበርና። አንድ ቢለመኑ ዐሥራ ሰባት ቃል መግባት የታላላቅ ሰዎች ልማድ ነው። ደግሞም በሆዳቸው ያደረ ቂም ነበራቸው። ፔቨሬሊ ለሠርጌ ምንም አልላከልኝም ብለው አርባ ዓመት አኩርፈዋልና፣ የተላከላቸው እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ለማወቅ ቸኩለዋል።

ወእምዝ ዘዴ ፈለጉ። በር እያንኳኩ ቢጠይቁ፣ እንኳን የሚሰጣቸው የሚያምናቸው አልተገኘም፤ የሮካቬንታ ሰው በመሬት መዝገብ ቤት ሰው ፊት ያለውን የለኝም ማለትን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ስለዚህ ቄሱ ዶን ሴቨሪኖ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠበል በሚረጩበት በዚያ ወራት የባልዲ ተሸካሚነትን ሹመት ለምነው ተሾሙ፤ ለቄስ የማይከፈት በር የለምና። የሰልፉም ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ከፊት ዶን ሴቨሪኖ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፤ ቀጥሎ አባ ሜትር ከነባልዲያቸው፤ ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ ኩዊሪኖ፣ የሁሉን ቤት ወሬ የሚያውቅ፣ ምንም የማይሸከም፤ በመጨረሻም ማንም ያልጠራው የቄሱ ውሻ። ያልተከተሏቸው የአባ ሜትር ባለቤት ኦርኔላ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከወጥ ቤት መስኮት ብቅ ብለው፣ “አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት ከመበርበርህ በፊት አንዴ እኔን ስማኝማ” ብለው አወጁ። አባ ሜትርም፣ “ዝርዝሬን አታቋርጪብኝ” የሚል አዋጅ መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የዘመቻውን ገድል ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል። ሳሎን ብቻ ቢባረክ ሥዕል እንደማይገኝ ስለገባቸው፣ ዶን ሴቨሪኖን እየጎተጎቱ ምድር ቤቱንም የእንስሳቱንም ጎጆ አስባረኩ። በወፍጮ ቤቱ ባለቤት ግቢ የጥንቸል ቤቱ በር ሥዕል ሆኖ ተገኘ፤ ባለወፍጮውም ባርኔጣውን አውልቆ፣ “አባ፣ ጥንቸሎቼ እኮ ሃይማኖት የላቸውም፤ ፋሲካ ዕለት የምንበላቸው ናቸው” ብሎ ቢያውጅም ከመረጨት አልዳኑም። አንዱ ሥዕል አንሶላ ለብሶ በልብስ መተኰሻ ጠረጴዛነት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሏል። አንዱ የዱቄት ሣጥን ክዳን ነበር። አንዱ ከውል አዋዋዩ ፍራሽ ሥር ወጣ፤ ወገቤን ያቃናልኛል ብሎ ከላዩ አልነሣም ስላለ ሦስት ቀን ተለመነ። የጥርስ ሐኪሙ መበለት ብቻ በክብር ሰቅላው ተገኘች፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የተሣለችው ሴት ልብስ አልለበሰችምና። አባ ሜትርም በደረሱበት ሁሉ ሜትራቸውን ዘርግተው ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ውፍረቱን፣ የምስማሩን ብዛት፣ ግድግዳው ወደ የት እንደሚዞር ጭምር በመዝገብ አሰፈሩ። እንዲህ ያለ ትጋት ከዚያ በፊት በሮካቬንታ አልታየም፤ ባለመታየቱም የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ሲደርስ ዐሥራ አንዱ በደብሩ አዳራሽ ተደርድረው ነበር። ሲኞራ አዳልጂዛ በምርኩዝ መጥተው፣ ዳርዳሩን ገና አያለሁ፣ እናቴ ከእነዚህ መካከል ትኖር ይሆናልና አስገቡኝ ብለው ለመኑ። አባ ሜትር ግን ቍልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በአዳራሹ በር “ስብስቡ ሳይሞላ አይከፈትም” የሚል አዋጅ ለጠፉ። ለምረቃው ሪባን፣ ንግግርና ከንቲባ አስበዋል፤ ጎዶሎ ነገር ማስመረቅ ደግሞ ለልኬተኛ ነውር ነው። ዶን ሴቨሪኖ ተቆጡ። ሲኞራዋ ግን በምርኩዛቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በጋው አለፈ፣ ወይኑ ተለቀመ፣ ብርዱ ገባ፤ በገና ሰሞን አንድ ጠዋት ሲኞራዋ ሲነሡ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት አቃታቸው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተናደደ፤ ንዴቱም በዚህ ዜና ይመዝገብለት።

በሁለተኛው ዓመት ጾም አምስት ተጨመሩ፣ ዐሥራ ስድስትም ሆኑ፤ ዐሥራ ሰባተኛው ግን ጠፋ። አባ ሜትርም በከተማው ያልተረጨ ቤት አልቀረም ብለው አስታወቁ። የሆሳዕና ዋዜማ ዶን ሴቨሪኖ በባልዲው የቀረውን ጠበል አይተው፣ “ዴሊዮ፣ ያንተን ቤት እኮ ሁለት ዓመት ዘለልነው። ባልዲ የተሸከመ ሁሉ የጸደቀ እንዳይመስልህ” አሉና ወደ አባ ሜትር ቤት አቀኑ። ሳሎኑ ተረጨ፤ መኝታ ቤቱ ተረጨ። ምድር ቤት በወረዱ ጊዜ ኦርኔላ የቲማቲም ጠርሙሶች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ ሲከለከል የኖረውን አዋጃቸውን አወጡ፦ “ሁለት ዓመት ልነግርህ ስል ዝርዝሬን አታቋርጪ ትለኛለህ። በሠርጋችን ሳምንት በጋዜጣ ተጠቅልሎ የመጣውን ጣውላ፣ ሳትፈታው፣ ተራ ጣውላ መስሎህ፣ እርጥበት ይከልክል ብለህ ከዚህ ጀርባ የቸነከርከው አንተ ነህ። ጋዜጣው በስብሶ ሲረግፍ ጥጉ ላይ ቀለም አየሁ። ይኸው ነው።”

ጠርሙሶቹ ተነሡ፤ አምስቱ ምስማር ተነቀለ። ከጣውላው ጀርባ በእርሳስ “ክሎሪንዳ፣ ባለቤቴ” የሚል ተጽፎ ነበር። አባ ሜትር ልማድ ሆኖባቸው ሜትራቸውን አወጡ፤ ለኩም፤ ሥልሳ ሁለት በአርባ ስምንት ሆነ። ቍጥሩን ግን በመዝገብ አላሰፈሩትም። አርባ ዓመት የተቀየሙት ሰው ከሁሉ የሚወደውን ለእሳቸው ልኮላቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ቲማቲም አስደግፈውበታል።

በማግስቱ ሆሳዕና ነበር። ሪባን አልተዘረጋም፤ ከንቲባም አልተጠራም። ሕዝቡ የወይራ ቅርንጫፉን እንደያዘ ከቅዳሴ ወጥቶ አዳራሹን ሞላው፤ ሲኞራ አዳልጂዛም በኦርኔላ ክንድ ተደግፈው ገቡ። አባ ሜትር በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆመው፣ በሕይወታቸው ከሁሉ አጭር የሆነውን አዋጅ አወጁ፦ “ሲኞራ፣ እናትዎ እኔ ቤት ነበሩ። የቸነከርኳቸው እኔ ነኝ። ዓይንዎ እያለ ይህን በር የዘጋሁብዎትም እኔ ነኝ።”

ሕዝቡ እርግማን ጠበቀ። ሲኞራዋ ግን እጃቸውን ዘርግተው ጣውላውን ዳሰሱ፤ ጣታቸው የምስማሩን ቀዳዳዎች አገኘ፣ ፊቱን ግን አላገኘም፤ ቀለም ለጣት መልክ አይናገርምና። በዚህ ቦታ ሥርዓተ ዜና ፈርሶ ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ተነጋገሩ።

“እንግዲህ አንተ አይተህ ንገረኛ” አሏቸው ሲኞራዋ።

“ቁመቱ ሥልሳ ሁለት፣ ወርዱ...”

“ሜትርህን ኪስህ ክተተው፣ ልጄ። ምን እያደረገች ነው?”

አባ ሜትር ቀና ብለው አዩ። በሁለት ዓመት ዘመቻ ከጣውላ ጠርዝ ወደ ውስጥ የተሻገሩት ያን ጊዜ ገና መጀመሪያቸው ነበር። ቆዩ፤ ሕዝቡ እስኪቁነጠነጥ ድረስ ቆዩ።

“ጸጉራቸውን እየታጠቡ ነው” አሉ። “ግንባራቸው ላይ ሳሙና አለ። አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እየሳቁ ነው።”

“በማን?”

“በሚሥላቸው ሰውዬ መሰለኝ። አሁንስ አይበቃህም የሚሉት ይመስላሉ።”

“ጥርሷስ?”

“የፊቶቹ ሁለቱ ተራርቀዋል” አሉ አባ ሜትር። “ልክ እንደ እርስዎ።”

ሲኞራ አዳልጂዛ ሳቁ፤ ሕዝቡም ሁለቱን ፊት ጎን ለጎን አየ።

ስለዚህ በሮካቬንታ የሚወለድ ሁሉ እንዲህ ይበል፦ ክብር ለአባ ሜትር፣ ለባልዲ ተሸካሚው፣ ለጥንቸል ቤት ድል አድራጊው፣ ቍልፍ በአንገታቸው ላንጠለጠሉት፣ ዐሥራ ሰባት ሥዕል ለክተው አንዱን ላዩት።